ከአዳማ ጅቡቲ፦ በባቡር ሄደን በኪራይ መኪና ተመለስን

ከአዳማ ተነስቶ ድሬዳዋንና ጅቡቲን ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ያው ነው። ባቡር ይሻላል ወይስ መኪና ተከራይቶ መሄድ? እኛም ቤት ይሄን ስንከራከር ከረምን። ወንድሜ መኪና አለ። እኔ ባቡር አልኩ። ባለቤቴ ከሁለታችንም ጋር ላለመጣላት ዝም አለ። እማዬ ደግሞ የፈለገችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ጅቡቲ ያለችውን እህቷን ማየትና ስትመለስ ቁልቢ ገብርኤልን መሳለም። በምን እንደምትሄድ ግድ አልነበራትም።

ነገሩን የፈታልን ይኸው የእማዬ ፍላጎት ነው። ባቡሩ ጅቡቲ ያደርሳል እንጂ ቁልቢ አይደርስም። መኪናው ቁልቢን ያሳያል፣ ድንበሩ ላይ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ተጠቀምን። ጉዞ ያሰበ ሰው ቢጠቀምበት ብዬ ቀን በቀን እጽፈዋለሁ።

ከመነሳታችን በፊት

የወንድሜ ሐሳብ ክፉ አልነበረም። አራት ሰው ነን፣ አንድ መኪና ይበቃናል፣ ሻንጣው ከቤታችን በር ተጭኖ አክስቴ በር ላይ ይወርዳል፣ ደስ ያለን ቦታ እንቆማለን፣ እማዬም ጉልበቷን ሲይዛት ወርዳ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን አከራዮች ጋ ስደውል ከዋጋ በፊት የጠየቅኩት «መኪናው ድንበር ይሻገራል ወይ?» ብዬ ነው።

አብዛኞቹ መልሳቸው አጭር ነበር። እስከ ድሬዳዋ ከሆነ እሺ፣ ከዚያ ወዲያ አይሆንም። አንዱ ብቻ ይሻገራል አለኝና የሚያስፈልገውን ይዘረዝር ጀመር። የመኪናው ባለቤት ውክልና። መኪናው ወጥቶ ለመመለሱ የጉምሩክ ጊዜያዊ ፈቃድ። የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ፣ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ። የሾፌሩ ፓስፖርትና ቪዛ። በዚያ ላይ ጠቀም ያለ ማስያዣ። ቢጫ ካርዱ እንኳን ቀላሉ ነው፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም አባል ስለሆኑ እዚህ የተገዛው የሦስተኛ ወገን ሽፋን እዚያም ይሠራል። የቀረው ግን ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ መመላለስ ነው፤ እኛ ደግሞ ዕረፍት የወጣነው ለዚህ አይደለም።

ሒሳቡንም ያዩት እንደሆነ የቀን ኪራዩ መጀመሪያ ብቻ ነው። ነዳጅ አለ። የሾፌር አበልና ማደሪያ አለ። ጅቡቲ አክስቴ ቤት ቁጭ ብለን ቡና በምንጠጣበት ቀን እንኳ ቆሞ ለሚውል መኪና ይከፈላል። ቁጥሩን አልጽፍም፣ የዛሬው ዋጋ ለነገ አይሆንም። ግን መኪና ስትከራዩ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፣ በተለይ መኪናው ለብቻው የሚመለስ ከሆነ የባዶ መልሱን ማን እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለባቡሩ የሚያስፈልገው ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትና ትኬት ነው። በቃ። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑን ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፣ የእኛንም ፕሮግራም የወሰነው እሱ ነው።

ሐሙስ፦ ከአዳማ ድሬዳዋ

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። በሁለት ባጃጅ ሄድን፣ አንዱ ለሰው አንዱ ለሻንጣ። ቀደም ብሎ መድረስ ደግ ነው። ትኬት ይታያል፣ መታወቂያ ይታያል፣ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ይሄ ሁሉ ሰልፍ አለው።

ስለ ትኬቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ በጣም ይጠቅማችኋል። ፉርጎዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል አለ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ፣ በር የሌለው። አራት አልጋ ያለው ደግሞ በር አለው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በሁለቱም የታችኛው አልጋ ከላይኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቀን ላይ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ላይኛው ላይ ከወጡ በኋላ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። እኛ አራት ስለሆንን ባለ በሩን ሙሉውን ያዝነው። እማዬ መስኮቱ ሥር እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ወንድሜ ሊከራከር አፉን ሲከፍት አየችውና «እስቲ መኪና ውስጥ እንዲህ እዘረጋለሁ?» አለችው። ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገች። ያመጣችውን ጭኮ ከላስቲኩ እያወጣች ማደል ጀመረች።

ከአዳማ ስንወጣ በኮረብታው ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይታያሉ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፣ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ይሆናል። ይሄ ለተሳፋሪው ምን ማለት ነው? ከፊት የጭነት ባቡር እየመጣ ከሆነ አንዱ ጣቢያ ላይ ገብቶ ማሳለፍ አለበት። አንድ ሁለቴ እንዲህ ቆመን ጠበቅን። ከባድ ኮንቴይነር የጫነ ረጅም ባቡር እያለፈ፣ እያለፈ፣ አያልቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከብት ሐዲዱ ላይ ገብቶ ባቡሩ ጡሩምባውን እየነፋ በዝግታ ተጓዘ። በሰዓት የምትጣደፉ ሰዎች ከሆናችሁ የደረሳችሁበት ቀን ማታ ቀጠሮ አትያዙ።

መተሐራ ስንደርስ ሁላችንም መስኮት ላይ ተለጠፍን። በአንድ በኩል ፈንታሌ ተራራ፣ በሌላ በኩል በሰቃ ሐይቅ። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ውሃው ዳር ድረስ ተበትኗል። ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ የመጣ ነው፤ አስፋልቱንም የድሮውን ሐዲድም ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ ያስገደደ ውሃ ነው። ከዚያ የሸንኮራ አገዳው እርሻ ይጀምራል። «እዚህ ጋ መቆም ነበረብን፣ አየሽ አይደል?» አለ ወንድሜ። ልክ ነው። ባቡር የፈለግክበት ቦታ አይቆምም። ይሄ ጉድለቱ ነው፣ አልደብቅም።

አዋሽ ስንደርስ እማዬ ተነሳች። ልጅ ሆና በድሮው ባቡር ከአባቷ ጋር ተጉዛለች። በሊቶሪና፣ በዚያ ሞተሩ በራሱ ላይ ባለው የድሮ የመንገደኛ ባቡር ነው የሄድነው ትላለች። ጣቢያው ላይ ሻይና እንቁላል በመስኮት ይሸጥ እንደነበር፣ የአዋሽ ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው የጣቢያው ሆቴል በረንዳ ላይ ፈረንጆች ተቀምጠው እንደነበር ነገረችን። የዚያ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ የአሁኑ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው። ያኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ መንገድ ላይ እየታደረ ነበር የሚመጣው።

ሚኤሶ ላይ አስፋልቱና ሐዲዱ ይለያያሉ። አስፋልቱ ወደ ጭሮ ተራራ ይወጣል፣ ሐዲዱ ግን ቆላ ቆላውን ይዞ በቢቄ በኩል ወደ ድሬ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ባቡሩን የመረጠ ሰው ደጋውን ጨርሶ የማያየው። ያን ቀን ከሚኤሶ በኋላ ያየነው ግራር፣ ቁልቋል፣ ፍየልና ሙቀት ነው። ድሬ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፣ ከጣቢያ ወደ ከተማ የሚወስድ ሚኒባስም ባጃጅም በር ላይ ይጠብቃል። ዋጋ ሳትነጋገሩ ሻንጣ አትጫኑ።

ዓርብ፦ ድሬ

ድሬን ለማየት መኪና አያስፈልግም። ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ባጃጅ በየመንገዱ አለ፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ከዚራ ደግሞ በእግር የሚኬድ ሰፈር ነው። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ ግራና ቀኝ ጥላቸው መንገዱን የሚሸፍን ትልልቅ ዛፎች። ጠዋት በዚያ ጥላ ሥር መሄድ ልብ ያሳርፋል።

የድሮውን ለገሃር ሄደን አየን። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር፣ ተራራው አላስወጣ ሲል ሐዲዱ ታች ቀረና ከተማው እዚያው በቀለ፤ አዲስ ሐረር ነበር የተባለው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስለዚህ ድሬን ባቡር የወለዳት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። ግቢው ውስጥ ያሉት የድሮ ፉርጎዎችና የጥገናው ቤት ላይ ብዙ ቆየን። እማዬ አንዱን ፉርጎ በእጇ ነካችውና «ይሄ ነው፣ ወንበሩ እንዲህ እንጨት ነበር» አለች። አስጎብኚው ሽማግሌ ወዲያው ወንበር አመጡላት፣ ከዚያ ሁለቱ ስለ ድሮ ጊዜ ያወሩ ጀመር። እኛ መኖራችንንም ረሱት።

ከሰዓት ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ገባን። ወንዙ በዚህ ወቅት አሸዋ ብቻ ነው፣ ሰው በመሐሉ ይሻገራል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ለአክስቴ በርበሬ ጨመርንላት። ሳምቡሳና ሻይ፣ ከዚያ ሐላዋ። ማታ ንፋሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ እኛም ወጣን።

ቅዳሜ፦ ከድሬ ጅቡቲ

ይሄኛው ቀን ነው ወንድሜን ሐሳቡን ያስቀየረው።

ከድሬ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። አዲጋላ፣ አይሻ፣ ከዚያ ደወሌ። ድንጋይና አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የግመል መንጋ፣ በጣም ሩቅ የሚታይ አንድ እረኛ። በአስፋልትም መሄድ ይቻላል፤ ከድሬ እስከ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ ተሠርቷል፣ መንገዱም ጥሩ ነው ይላሉ። ችግሩ መንገዱ አይደለም፣ ድንበሩ ነው። ደወሌ ላይ የእኛ ነገር ፓስፖርት ማሳየትና ማህተም ማስመታት ብቻ ነበር። ሰልፉ ረዘም ያለ ነው፣ ፀሐይዋ ትከብዳለች፣ ውሃ ያዙ። ግን ያለን ነገር እኛና ሻንጣችን ስለሆነ አለቀ። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው የራሱን ጨርሶ ደግሞ የመኪናውን ይጀምራል። ሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ከዚያም በሌላው ወገን እንደገና። ወንድሜ ይሄን ቆሞ ሲያስብ ቆየና «እሺ፣ ድንበር በባቡር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ አልተከራከርንም።

ከድንበሩ በኋላ አሊ ሳቢህን አልፈን ሆልሆልን አልፈን ወደ ባሕሩ ቁልቁል ነው። ሙቀቱ ይታወቃችኋል፣ እንደ ወረዳችሁ ልብሳችሁ ሰውነታችሁ ላይ ይለጠፋል። እኛ የሄድነው በጥር ነው፣ ለጅቡቲ ጥሩው ወቅት ይሄ ነው። ክረምት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ትልቅ ሰው ይዞ በዚያ ወቅት መሄድ አይገባም።

የመጨረሻው ጣቢያ ናጋድ ነው፣ እሱም ከከተማው ውጭ። አክስቴ ከልጇ ጋር መጥታ ትጠብቀን ነበር። እማዬና እህቷ ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል። ሲተቃቀፉ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወሩ ጀመር፣ መኪና ውስጥም አላቆሙም፣ ሌሊቱን ሙሉም አላቆሙም።

እሑድ፦ ጅቡቲ ከተማ

የጅቡቲ ገንዘብ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ። ከ1973 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ለእንግዳ ይሄ ይመቻል፣ በልባችሁ ሒሳብ መሥራት ትችላላችሁ። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ከአዳማ የሄደ ሰው መጀመሪያ ቀን ይደነግጣል።

መሐል ከተማው ትንሽ ነው። የምኒልክ አደባባይ የሚባለው ቦታ አለ፤ በይፋ የነጻነት ቀናቸውን፣ ማለትም ሰኔ 27 ቀን 1977ን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚያስታውስ ስም ይዟል፣ ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። ዙሪያውን ነጫጭ ቅስት ያላቸው የድሮ ቤቶች። ከዚያ ትንሽ በእግር ሄዶ የሐሙዲ መስጊድ፣ ዙሪያው የተጨናነቀ ገበያ። አማርኛ በየሱቁ ይሰማል፣ እንጀራ የሚሸጡ ቤቶችም ብዙ ናቸው። ይሄ አያስገርምም፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የገቢ ዕቃ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ነው።

እኩለ ቀን አካባቢ ሱቁ ይዘጋል። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚገባበት ሰዓት ነው፣ ከተማው በአንዴ ይነቃና ከዚያ ጸጥ ይላል። ጉዳይ ያለው ሰው እስከ አመሻሽ ድረስ ብዙ ይሠራልኛል ብሎ አያስብ። እኛ ያን ሰዓት አክስቴ የየመን ዓሣ ቤት ወሰደችን። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋና ቅመም ተቀብቶ የታንዱር ምድጃው ውስጥ ይገባል፣ ጠርዙ ጥቁር እስኪል ይጠበሳል። ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይመጣል፣ ከጎኑ ደግሞ ሙክባዛ፣ ቂጣው ከሙዝና ከማር ጋር ተፈትፍቶ። እማዬ በጾም በልታው ቢሆን ኖሮ እያለች አጥንቱን ለቀመችው።

በከተማው ውስጥ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ነው የምንይዘው። ቆጣሪ የለውም፣ ቀድሞ መስማማት ነው። መኪና ብናመጣ ኖሮ ይሄን ሙሉ ቀን ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውል ነበር።

ሰኞ፦ አሳል ሐይቅ፣ በኪራይ መኪና

አሳል ግን ያለ መኪና አይታሰብም። ባቡር የለም፣ አውቶቡስም አያደርስም። የአክስቴ ልጅ የሚያውቀው ሾፌር ነበር፣ ለአንድ ቀን ከነመኪናው ተከራየነው። ድንበር ሳይሻገር፣ ያለ ማስያዣ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት። ሁለት አገር ለሚያይ ሰው የምመክረው ይሄንኑ ነው። መኪናውን እዚያው አገር ተከራዩ፣ ለሚያስፈልግበት ቀን ብቻ።

ከከተማው ስትወጡ ለብዙ ኪሎ ሜትር የምትሄዱት ከኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ጋር ነው። ታርጋው የእኛ፣ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የማርያም ስዕል የእኛ፣ ከኋላ ጭቃ መከላከያው ላይ የተጻፈው ጥቅስ የእኛ። ወደ ጋላፊ የሚያቀኑ ናቸው፣ ከዚያ በአፋር በኩል አዋሽ፣ አዳማና ሞጆ ይመጣሉ። እማዬ እያንዳንዱን ስናልፍ «እግዜር ይጠብቃችሁ» ትላለች። እነዚህን ሾፌሮች አዳማ ላይ በየቀኑ እናያቸዋለን፣ ምን ያህል መንገድ እንደሚነዱ ግን እዚያ ሙቀት ውስጥ ነው የገባኝ።

ወደ ታጁራ የሚወስደው መንገድ ከተገነጠለ በኋላ የመኪናው ብዛት ይቀንሳል። ጉበት የሚባለውን ባሕረ ሰላጤ ከላይ ሆነን ቆመን አየን። ወንድሜ እዚህ ጋ ደስታው ወሰን አልነበረውም፣ ቁም ሲለው የሚቆም ሾፌር አገኘ። ከዚያ በጥቁር ድንጋይ መሐል ቁልቁል፣ ቁልቁል። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፣ በአፍሪካ ከዚህ በታች የሆነ ቦታ የለም። ውሃው ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ይጨዋል። ዳርቻው ነጭ ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ጫማ አታውልቁ፣ ጨው ጠርዙ ስለታም ነው፣ ባለቤቴ እግሩ ትንሽ ተሰነጠቀና ጨዋማው ውሃ ሲነካው ጮኸ። እማዬ ከመኪናው አልራቀችም፣ ትንሽ የጨው ክብ ድንጋይ ከልጆች ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ማክሰኞ፦ ወደ ድሬ

በዚያው ባቡር ተመለስን። አክስቴ ሻንጣችንን በብስኩት፣ በቴምርና በሽቶ ሞላችው። ደወሌ ላይ ፍተሻው ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ጠበቅ ይላል፣ ሻንጣ ሁሉ ይከፈታል። ለራስ የሚሆን ዕቃ ከሆነ ችግር የለም፣ ለንግድ የሚመስል ብዛት ግን ያስጠይቃል። ማታ ድሬ ገብተን ተኛን።

ረቡዕ፦ ሐረር

ከዚህ በኋላ የመኪናው ተራ ነው። ድሬ ላይ አንድ መኪና ከሾፌሩ ጋር ለሐረርና ለአዳማ ያዝን። ገና ከድሬ ስንወጣ የደንገጎ ዳገት ይጀምራል፣ ጠመዝማዛው እየወጣ እየወጣ ሙቀቱ ከኋላ ቀረ። የድሮዎቹ መሐንዲሶች ሐዲዱን ለምን እንዳላወጡት እዚህ ይገባችኋል። ሐሮማያ፣ አወዳይ፣ ከዚያ ሐረር።

ጀጎል ውስጥ መኪና ብዙም አይጠቅምም። መኪናውን ውጭ አቁመን በአንዱ በር ገባን። አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ጠባቦቹ መንገዶች፣ የተቀባው ግድግዳ፣ ሁሉም በእግር ነው የሚታየው። ስለ ሐረር ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልደግመውም። ማታ ጅብ ሲመገብ አየን፣ እማዬ መኪና ውስጥ ሆና በመስኮት።

ሐሙስ፦ በቁልቢ በኩል ወደ አዳማ

ሾፌሩ ቅድሚያ የተናገረው አንድ ነገር ነው። «ከመሸ አልነዳም፣ ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን።» ደስ አለኝ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከአገሬው ሾፌር መጠየቅ አለበት፣ ጨለማ ላይ መንገድ መሐል መገኘትም የለበትም።

ቁልቢ ስንደርስ ገና ጭጋጉ አልተነሳም ነበር። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መድረሻ የሚጠፋበት ቦታ፣ በዚያን ቀን ጠዋት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩበት። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ስእለታቸውን ለመፈጸም። እማዬ ደጀ ሰላሙን ተሳለመች፣ ጧፍ አበራች፣ የተሳለችውን ሰጠች፣ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ማንም አላጣደፋትም። ሾፌሩም ወርዶ ተሳለመ። ባቡር ይሄን አይሰጥም፣ በሚቀጥለው ጣቢያ ሰዓት ላይ መድረስ አለበት።

ከዚያ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ እያለ ወደ ጭሮ። ተራራው ላይ መንገዱ ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚሄደው፣ ከታች ማሽላውና ጫቱ እስከ ሸለቆው ድረስ በእርከን ወርዷል። እውነቱን ለመናገር የጉዞው ሁሉ ቆንጆ መልክዓ ምድር ይሄ ነው፣ በባቡር ብቻ የተጓዘ ሰው አያየውም። ግን ድካሙም ይሄው ነው። ጠመዝማዛው እማዬን አዞራት፣ ሎሚ እያሸተተች መጣች። ጭሮ ምሳ በላን። ከዚያ ቁልቁል ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ። ኬላ ላይ በተደጋጋሚ ቆመን ሻንጣ ተከፈተ፣ የአክስቴ ሽቶ እያንዳንዱ ኬላ ላይ ወጥቶ ታየ። በሰቃ ዳር ወንድሜ የተመኘውን አደረገ፣ መኪናው ቆመ፣ ወርዶ ውሃው ዳር ድረስ ሄደ፣ ፎቶውን አነሳ።

ከወለንጪቲ ወዲያ የከባድ መኪናው ሰልፍ ስላስጠበቀን አዳማ ስንገባ ሊመሽ ነበር። ሾፌሩን በዚያ ሰዓት አንመልስም ብለን እኛ ጋ አደረ። ማታ ሒሳቡን ስንሠራ፣ ኪራዩ፣ ነዳጁ፣ አበሉና የባዶ መልሱ ተደምሮ፣ አራታችን ከአዳማ ጅቡቲ ለመድረስ ለባቡር ከከፈልነው በልጦ ተገኘ። ወንድሜ ወረቀቱን ለእማዬ አሳያት። እሷ ግን ወደ ሾፌሩ ዞራ «ልጄ፣ ለሐምሌው ገብርኤል ከዚህ ከአዳማ የሚወስደኝ መኪና አገኛለሁ?» ብላ ጠየቀችው። «እማማ፣ ለዚያ ሳምንት መኪና አይገኝም፤ ሰኔ ሳይገባ ቀብድ ይክፈሉ» አላት። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን መዘገበ።